ሀያ አምስት ደቂቃ

ሐምሌ 3
ዝናብ። ጣሪያው ያው ያፈሳል። እኔ እናገራለሁ፣ ተከራዬ መንግሥቱ ይጽፋል፤ ጡረተኛ ነው፣ ሥራ የለውም። ፊደል አልቆጠርኩም። ልፈር እንዴ?
«ላሳምረው ጋሽ ፈዬራ?» ይላል። እንዳትነካካው! ያልኩትን ጻፍ።
ትንሿ ልጄ ገላኔ ባሕር ማዶ ካለች ደሴት ደወለች። እዚያ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ታበስላለች፣ ከሄደች ሦስት ዓመቷ። ሆዴን ይወጋኛል አለች… «አባ፣ እንዳንተ ግትር ሆድ ነው።» ሳቀች ደግሞ።

ሐምሌ 5
ብሶባታል። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አሉ። እዚያች ትንሽ ደሴት ላይ የለም፤ ያለው ትልቋ ደሴት ላይ ነው። መንግሥቱን መንገዱን በስልክህ ፈልግልኝ አልኩት። በአየር ዘጠና ኪሎ ሜትር፣ ሀያ አምስት ደቂቃ። ይኼ መንገድ ነው? እዚሁ ከሩዋንዳ ሰፈር ሳሊተ ምሕረት በታክሲ ይበልጣል! አውሮፕላኗ ግን በሳምንት ሁለቴ ብቻ ናት። ነገ የመምጫ ቀኗ ነው።

ሐምሌ 6
ነፋስ። አልመጣችም።

ሐምሌ 7
ሠላሳ ዓመት የቦሌን የአውሮፕላን መንደርደሪያ ዳር ሣር አጭጃለሁ። ከአስፋልቱ ሥር የተቀበረው የአባቴ የጤፍ ማሳ ነው። አውሮፕላን በነፋስ ሲቀር አይቻለሁ። ግን ቀን ሙሉ? እዚህ በራሴ ላይ በየአፍታው ያልፋሉ… አንዷ ብትዞርላት ምን ነበር?
ትልቋ ልጄ ጫልቱ ስልኩን ይዛ ጓሮ ወጣች። ፊቷን ታጥባ ገባች።
«ተሳፈረች አባ። መንገድ ላይ ናት።»
መንግሥቱን ሰዓት ያዝ አልኩት። ሀያ አምስት ሞላ። ስልኩ አልጮኸም።

ሐምሌ 8
«ደረሰች?»
«እየሄደች ነው።»
ከትናንት ጀምሮ?
መንግሥቱን የሐምሌ አምስቱን አንብብልኝ አልኩት። መነጽሩን አወለቀ። «አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ ጋሽ ፈዬራ… ደሴቶቹ ይራራቃሉ።»
ማንበብ አልችልም እንጂ አልረሳም። ሀያ አምስት ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ!
መነጽሩን መልሶ አድርጎ መጻፉን ቀጠለ።
የዕድሩ ዳኛ ሃይለኣብም በደጄ አልፎ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔም ለስንቷ እናት «ተሽሎታል» ብዬ ዋሽቼ፣ ጎህ ሲቀድ ለመርዶ በሯ ላይ ቆሜያለሁ። አካሄዳቸውን አጣሁት?

ሐምሌ 9
ቀደምኳቸው። ገና ሳይነጋ ጋቢዬን ደርቤ፣ በሩን ከፍቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። መጡ። ሃይለኣብ ከፊት።
«ፈዬራ፣ እንግዲህ የእግዜር ነገር…»
«አውቄዋለሁ። ግባ፣ ዝናብ ይመታሃል።»
ጫልቱን መቼ ነው አልኳት። ሐምሌ ሰባት ጠዋት፣ እዚያው አልጋዋ ላይ። እኔ ደቂቃ ሳስቆጥር የለችም ነበር።
መንግሥቱ እያለቀሰ ነው። ወረቀቱን አታርጥብ አልኩት።

ሐምሌ 11
ነፋሱ ቆመ አሉ። አውሮፕላኗ መጣች። ሬሳዋን ወደ ትልቋ ደሴት ጫኑት።
ስንት ፈጀ? አልኩ። ጫልቱ መናገር አልፈለገችም። ተናገሪ አልኳት።
ሀያ አምስት ደቂቃ።
ነገ ቦሌ ትገባለች። የአባቴ ማሳ ላይ ታርፋለች።