ልብስ ሰፊውን የቀበርኩ ለት

የካቲት 2
ነፋስ። ቢሮ ዋልኩ። የመስክ ቦት ጫማዬን ጠርጌ መልሼ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደምጠርገው እንጃ... መስክ ከወጣሁ ሦስት ሳምንቴ።

አለቃችን ሰብስቦን ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ አዲሱን የመሬት ካርታ ፕሮግራም ያልቻለ ቀያሽ መዝገብ ቤት ይዛወራል አለ። ምድር ቤት ያለው፣ መስኮት የሌለው። ይህን ሲል ማንን አየ? እኔን! ሃያ ስድስት ዓመት ፀሐይ ላይ ቆሜ ስለካ ኖሬ፣ መጨረሻዬ ፋይል አቧራ ማራገፍ? ሞቼ ነው!

የካቲት 5
አሰልጣኝ መጣችልን። የመጨረሻ ልጄን ታክላለች። "እትዬ፣ አይፍሩት፣ አይነክስም" አለችኝ። ማውሱን ማለቷ ነው።

እሺ፣ የገባኝን ልጻፍ። ሁለት የመሬት ገጽ አለ። አንዱ መሬቱ ዛሬ ያለበት፣ ሌላው እንዲሆን የምንፈልገው። ፕሮግራሙ በሁለቱ መካከል ያለውን ያሰላል... ስንት አፈር ይቆረጣል፣ ስንት ይሞላል። እኔ በእርሳስና በካሬ ወረቀት አራት ቀን የምለፋበትን። እሱ? ውሃ ጥጄ ሳይፈላ።

ተናደድኩ። ደግሞ ደስ አለኝ። ሁለቱም አንድ ላይ።

የካቲት 8
ቤት ልለማመድ ብዬ ሥራዬ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ጓ! አደረግኩት። ሾፌሩ በሳቅ ሞተ። (ባሌን ነው። ጡረታ ወጥቶ ገልባጭ መኪናውን ካስረከበ ወዲህ የሚነዳው እኔን ነው።) "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!" አለኝ። አህያው አለቃዬ መሆኑ ነው።

የካቲት 12
ገባኝ! ገባኝ! ገባኝ!

የካቲት 13
ትናንት ምን እንደገባኝ እንኳ ሳልጽፍ ተኛሁ። ለካ ፕሮግራሙ መሬቱን የሚሠራው ነጥቦቹን በሦስት ማዕዘን እያያያዘ ነው። የጓሯችንን የአበባ መደብ ለክቼ አስገባሁት። ስክሪኑ ላይ ሲዞር፣ ሲገላበጥ... ጎረቤት ጠርቼ ላሳይ ምንም አልቀረኝ።

የካቲት 17
ፈተናዬ መጣ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ተሞልቶ ኳስ ሜዳ ሊሆን ነው። ስንት አፈር ይበላል? እሱን ማስላት የኔ ድርሻ ነው። ነጥቦቹን ሌሎቹ ቀያሾች ለክተው አምጥተውልኛል። መሄድም አያስፈልገኝም። ያልረገጥኩትን መሬት ስለካ ይህ የመጀመሪያዬ... ጉድ እኮ ነው።

የካቲት 18፣ ዓርብ
አራት ሺህ አንድ መቶ ሜትር ኩብ! የተቆፈረ አፈር ያብጣል፣ እሱንም ጨምሬ በገልባጭ መኪና አራት መቶ አሥር ቢያጆ (ምልልስ)። አሰልጣኟ አይታ "እትዬ፣ ጎበዝ!" አለች። አለቃችን ፈረመበት። ሰኞ መኪኖቹ ይታዘዛሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እራት ላይ ለሾፌሩ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።
"ያ ጉድጓድ? አራት መቶ? በዚያ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። ከሦስት መቶ በአንድ ቢያጆ እንኳ ቢበልጥ ይህን ጺም እላጨዋለሁ።"
"አንተ በዓይንህ፣ እኔ በኮምፒውተር!"
"ኮምፒውተሩ ሄዶ አይቶታል?"
እኔስ ሄጄ አይቼዋለሁ?

የካቲት 19
ቦት ጫማዬን አጥልቄ በጠዋት ሄድኩ። ዙሪያውን በእግሬ ዞርኩት። ቦታው እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው። እጥፋቱ ውስጥ ምን አለ? የልብስ ሰፊው ቤት! ከፍ ያለ ደረቅ መሬት ላይ። ሰውዬው በረንዳው ላይ ሱሪ ያሳጥራል።

ድንበር አላሰመርኩም! ድንበሩን ካልነገሩት ፕሮግራሙ ምን ያውቃል? የማጭዱን አንድ ጫፍ ከሌላው ጫፍ አያይዞ መሃሉን ሁሉ ጉድጓድ አደረገው። ሰውዬውን ከነስፌት መኪናው፣ ከነሱሪው አፈር አልብሼዋለሁ።

ምን ይዋጠኝ? እዚያው ደርቄ ቆምኩ። ከዚያ ሳቄ መጣ።
"ምን ያስቅሻል፣ እህቴ?"
"ቀብሬህ ነዋ።"
"መቼ?"
"ትናንት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ።"
መርፌውን ከአፉ አወጣ። "እና ቀብሬ ላይ ሰው መጣ?"

የካቲት 20
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ድንበሩን አሰመርኩ፣ እንደገና አሰላሁ። ሦስት ሺህ አሥር ሜትር ኩብ። ሦስት መቶ አንድ ቢያጆ። ሾፌሩ ጺሙን ዳበሰ። "ለኮምፒውተር ብዬ አልላጭም። መኪኖቹ ይቆጠሩ!"

ዝም ብል ማን ያውቃል? አለቃው ፈርሟል፣ አሰልጣኟ አይታለች። ብናገር ደግሞ... መዝገብ ቤት። ያ መስኮት የሌለው ክፍል።

የካቲት 21
ገና ቢሮ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ።
"ተሳስቻለሁ። መኪኖቹን ያቁሙልኝ።"
ሁለቱንም ካርታ ዘረጋሁለት። አለቃችን አንዱን ያያል፣ ሌላውን ያያል...
"ማን አገኘው?"
"እግሬ።"
አሰልጣኟን አስጠራት። ፊቷ ቀላ። "እኔም አላየሁትም። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።" ይቺ ልጅ ትባረክ!

አለቃችን ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። አለቀልኝ አልኩ።
"መዝገብ ቤት የለም። ከዛሬ ጀምሮ ዙሪያውን በእግሩ ያልዞረ ፕሮግራሙን አይከፍትም። አዲሶቹን ቀያሾች ይዘሽ የምትዞሪው አንቺ ነሽ።"
ደስታዬን የት ላድርገው? ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። ሁልጊዜ የሚያማርረኝ ጉልበቴ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

መጋቢት 29
ሜዳው አለቀ። ሾፌሩ በየቀኑ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ እየተቀመጠ፣ በሰውዬው ጠመኔ ግድግዳው ላይ እያሰመረ ቢያጆውን ቆጠረ። ሦስት መቶ ሦስት። ከኔ በሁለት፣ ከሱ በሦስት በለጠ። ግድግዳው እንዳይጠረግ ብዬ ለምኛለሁ።

ቃሉን አከበረ፣ ተላጨ። ከተጋባን ጀምሮ ያላየሁት አገጭ... ቆንጆ ነው እኮ! ልጃችን በር ከፍታ "አባዬ የለም?" አለች። ራሱን ነው የጠየቀችው።

ከሰዓት በኋላ አሰልጣኟንም ይዘን ጨዋታ ልናይ ሄድን። ልጆቹ ሜዳውን ሞልተውታል። ኳሷ ሦስት ጊዜ የልብስ ሰፊውን በር መታች። በሦስተኛው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ።
"እህቴ! ያኔ እንደቀበርሽኝ ብትተዪኝ ይሻለኝ ነበር!"
ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ቦት ጫማዬን ዛሬም ጠረግኩ። ለምን እንደምጠርገው አውቃለሁ።