ሳልቀምስ ያበላሁት ዘይት

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ይድረስ ለሆዴ ልጅ፣

እንዴት ነሽ የእናትሽ ዓለም? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። የላክሽው የኮኮናት ዘይት ግን እንኳን ሊዋጥ ሊሸተትም አይቻልም። እፍ! ማንኪያው፣ ፎጣው፣ የአባትሽ ጢም ሳይቀር እሱን እሱን ይሸታል። ወጥ ቤት በገባሁ ቁጥር መስኮቱን እከፍታለሁ።

በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁም። «እማዬ፣ አልዛይመር የያዘው አንጎል ስኳርን እንደ ድሮው ጉልበት ማድረግ ያቅተዋል፤ በስብ እንመግበው» አላልሽኝም? እኔም እሺ ብዬ ስኳሩን፣ ዳቦውን፣ ማሩን ቆልፌ ጠዋት ማታ ዘይት አስዋጥኩት። ዕድሜውን ሙሉ ኬክ ሲጋግር የኖረን ሰው! እሱም አፉን ገጥሞ ምሳውንም ራቱንም እምቢ ማለት ጀመረ። ሱሪው በቀበቶ እንኳ አልቆም አለው።

ሐሙስ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ መዘነችውና ፊቷ ጠቆረ። «ልጅዎ ስለ ስኳሩ ያለችው እውነትነት አለው፤ ዘይቱ ያድናል የሚል ማስረጃ ግን የለንም። አሁን የሚጎዳቸው መክሳታቸው ነው። የሚወዱትን ይብሉ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ግትርነቴን ታውቂው የለ? የላከችው ልጄ ናት ብዬ ትናንትም ማንኪያዬን ይዤ ቀረብኩ።

አባትሽ ማንኪያውን አየና «ቀምሰሽዋል?» አለኝ። ኬክ ቤቱ ውስጥ ማንም ሳይቀምስ ለሰው እንዳያቀርብ እንዴት ይቆጣ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አልቀመስኩም ነበር። አፍሬ ጎረስኩት። ላንቃዬ ላይ እንደ ሻማ ተለጠፈ። ሮጬ ማጠቢያው ላይ ተፋሁት። ይህን ነው ሰውዬውን ስግተው የኖርኩት! ልጄ፣ ዘይቱ ብቻ አይደለም፣ ራሴም አስጠላኝ።

እሱ ከት ብሎ ሳቀ። ውሃ ቀድቶ ሰጠኝና ጀርባዬን መታ መታ እያደረገ «አይዞሽ የኔ ልጅ። ባለቤቴ ስትመጣ እነግርልሻለሁ። እሷ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አታበላም» አለኝ።

እሺ አልኩት።

ዘይቱን ደፋሁት። ዛሬ ዳቦ በማር በላ፣ ድገሚኝም አለ። ስላንቺ ጠየቀኝ፤ በስምሽ ጠርቶ።

ከእንግዲህ ዘይት አትላኪ። የዓመት ፈቃድሽንም ለክረምት አታቆዪው፣ አሁኑኑ ነይ። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

ባለቤቱ እስክትመጣ የምትጠብቅለት፣
እናትሽ