ስላጠፉት ለቅሶ

ለተከበሩ የፊልም ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎ፣ የማኅተምዎም ቀለም ሁሉ ደህና ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፊልሜ ግን ከቢሮዎ ሲመለስ አሥራ አንድ ደቂቃ ጎድሎት ስላገኘሁት፣ ስለ ድካምዎ ላመሰግንዎ ተነሳሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። የለቅሶውን ትዕይንት አውጣ ቢሉኝ ማውጣት እችል ነበር። እርስዎ ግን ግልባጭ አንቀበልም ብለው ዋናውን ሃርድ ዲስክ አስመጡ፤ እኔም ሞኙ ሌላ ሳላስቀር አስረከብኩ። ከዚያ ላይ እንዳይመለስ አድርገው አጠፉልኝ።

ሁለተኛ፣ «የሞተ ሰው በሌለበት ማልቀስ ሕዝብን ማታለል ነው» ብለው ስለ ጻፉልኝ። ጥፋት አለብኝ፣ አልክድም። ሮብ ገበያ አጠገብ ስንቀርጽ ጥሩምባ ያስነፋሁት ቀረጻ መሆኑን ለቅርብ ጎረቤት ብቻ ነግሬ ነበር። የማዶው ሰው ደግሞ ጥሩምባ ከሰማ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ሥራውን ጥሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። መጣ። ቃሬዛው ላይ ያሰርነው ገለባ ነው ብዬ ልናገር ስሮጥ፣ አቶ ወልደ ሰንበት ቀድመውኝ ደርሰው ነበር።

የእኚህ አዛውንት ልጅ በስደት መንገድ በረሃ ላይ ከቀረ አራት ዓመቱ ነው። ሬሳው አገሩ አልገባም፤ አባትም እንባ አላወጡም ነበር። ያን ዕለት ግን ቃሬዛውን አቅፈው፣ ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ አለቀሱ። ፊልም መሆኑን ስነግራቸው «ይሁን ልጄ፣ አታቋርጠው። እኔስ የት ሄጄ ላልቅስለት?» አሉኝ። አላቋረጥኩም።

ሦስተኛ፣ ትዕይንቱ በሠለጠነ ተዋናይ፣ በንጹሕ ነጠላ፣ የአካባቢውን ገጽታ በሚገነባ መልኩ እንደገና ይቀረጽ ብለው ስለ መከሩኝ። ደብረ ማርቆስ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቄ ካደግሁበት ጊዜ ጀምሮ ፊልም ስወድ የኖርኩት እንዲህ ላለ ደቂቃ ነው። ዳይሬክተር ብርሃን ያስተካክላል፣ ተዋናይ ያለማምዳል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ነገር አይመጣም። ለእኔ አንድ ቀን መጣልኝ፣ እርስዎም አጠፉት። አንጀቴ አሯል፤ ይህንንም በትሕትና አሳውቃለሁ። አቶ ወልደ ሰንበት ባለፈው ክረምት ስላረፉ፣ ለድጋሚ ቀረጻ እንደማይመቻቸው ለኮሚቴው ይግለጹልኝ።

ለተረፉት ደቂቃዎች ምሕረትዎን እየለመንኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ የፊልም ፍቅርዎም ባለበት እንዲቆም እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

እንዳላማው ዋኘው
የፊልም ዳይሬክተር፣ ደብረ ማርቆስ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የአቶ ወልደ ሰንበት ባለቤት ወይዘሮ የብርጓል፣ ሟቹ ባላቸው በቤት ውስጥ የልጃቸውን ስም አንድ ቀን እንኳ አንስተው ስለማያውቁ፣ በእውነት አልቅሰውለት እንደሆነ በዓይኔ ልይ ብለው መጡብኝ። ጠፍቷል ለማለት አፌ እምቢ ስላለኝ፣ እርስዎ ዘንድ ነው ብያቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት በእግራቸው ይመጣሉ። እባክዎ መጀመሪያ ወንበር ይስጧቸውና እርስዎ ይንገሯቸው።