የወንዙ አፍ የተከፈተበት ማክሰኞ

ባራ ኦንዳ፣ ቅዳሜ፣ ሜይ 30

ለአበልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? የሲናሎዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ ቀኝ ትከሻህስ? የቲማቲም ሣጥን ስትሸከም ያምሃል ወይስ ከባሕር ሲርቅ እሱም አረፈ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በሕይወት አለሁ፣ ይኸው ነው። ባለቤትህ ኤውላሊያ ደህና ናት። ልጅህ ኔሬይዳ ቁመቷ ከእናቷ በልጧል፣ ምላሷም እንደዚያው። ውሻህ የኔን ደጃፍ ቤቱ አድርጎታል፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ወፍሯል፣ ስለዚህ ናፍቆኛል ብለህ አትኩራ።

ለምን አልደወልክም ትለኝ ይሆናል። በስልክ ብደውል ድምፅህን ስሰማ እንደምዋሽ ስለማውቅ ነው። እኔ በአፌ ውሸታም ነኝ። በጽሑፍ ግን እንጃ፣ ይከብደኛል። ደብዳቤውን የአውቶቡሱ ሾፌር ዛሬ ከሰዓት ይወስደዋል። አንዴ ከሄደ ደግሞ ሮጬ አልቀማውም።

ባለፈው መልእክትህ ሁለት ነገር ጠይቀኸኛል። የወንዙ አፍ ዘንድሮ ምን ይመስላል፣ ለኔሬይዳ አሥራ አምስተኛ ዓመት በዓል መምጣት እችላለሁ ወይ ብለሃል። መጀመሪያ የቀለለኝን ልመልስልህ።

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሞገዱ ከደቡብ ነው። ከታች ከበረዶው ባሕር የተነሣ ነው፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል አሥራ ሰባት ሰከንድ አለ፣ ስለዚህ ጉልበቱ ከሥሩ ነው። ረቡዕ የሰው ቁመት ያልፋል፣ ሐሙስ እጥፍ ይሆናል። ነፋሱ እስከ አራት ሰዓት ከየብስ ይነፍሳል፣ ከዚያ ከባሕር ዞሮ ሁሉንም ያበላሸዋል። ተራራው ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቧል። ከአሸዋው ጀርባ የተጠራቀመው ሐይቅ ከችካሉ ምልክት የቀረው ሁለት ስንዝር ነው፣ ውኃው ሸክላ መስሏል። አፉ ግን እንደተዘጋ ነው፤ አሸዋው በወንዙና በባሕሩ መሀል ተጋድሞ ባሕሩ ዳር ላይ እየወደቀ ይፈነዳል እንጂ የሚጋለብ ሞገድ የለም። ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ጉባኤ ተቀምጦ የመክፈቻውን ቀን ይቆርጣል። ዘንድሮ ሕጉ ጠንክሯል። ደወል ሳይደወል፣ ሐይቅ ውስጥ መረብ የሚጥሉት አንድ በአንድ ስማቸው ተጠርቶ ሳይወጡ አካፋ ያነሣ ሰው ከመንደሩ ይባረራል። በአንተ ምክንያት የወጣ ሕግ ነው ይላሉ።

አሁን ወደ ከበደኝ ልምጣ። ኦቲሎ ባለፈው ሳምንት ሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «የእህቴን የሆቪታን ነፍስ ያጠፋ ሰው ለልጁ ዳንስ ከመጣ፣ ተሸክመው ነው የሚያወጡት» ብሏል። ሰክሮ ቢሆን ኖሮ ነገሬ አልለውም ነበር። አልሰከረም። እህቱ ከሞተች ወዲህ ሜስካል አረቄ በአፉ አልዞረም፤ ይኸው ነው የሚያስፈራኝ።

ሐሙስ ዕለት ኤውላሊያና ኔሬይዳ ወደ እኔ መጡ። ኤውላሊያ ያንን ጥቁር ሙሉ ልብስህን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። አባት በሌለበት የክርስትና አባት ነው የመጀመሪያውን ዳንስ የሚደንሰው፣ ልበሰውና እንየው አለችኝ። ለበስኩት። እጅጌው አጠረኝ፣ ሆዱ አልዘጋ አለ። ኔሬይዳ በሣቅ ልትሞት ደረሰች። «የክርስትና አባቴ፣ እግሬን ብትረግጠኝ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው ጥዬህ የምሄደው፣ ካሁኑ ልንገርህ» አለችኝ። እኔም ሣቅኩ። ከዚያ እናቷ መርፌና ክር ልታመጣ ስትወጣ፣ ልጅህ ሣቋን ትታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተ ሁሉን ታውቃለህ፤ አባቴ ነው ያደረገው? ንገረኝና ይውጣልኝ» አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታውቃለህ? «ባሕሩ ነው ያደረገው» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የአንተን ኮት ለብሼ።

አበልጄ፣ አካፋውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ከቤትህ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር፤ የራሴ እጀታው ተሰብሮብኝ ነበርና ያንተን አነሣሁ። በአንተ ላላክክ ብዬ አልነበረም፣ ይህንን እመነኝ። ግን እጀታው ላይ ያተምከው ምልክት ነበረ፣ አሸዋው ላይ ጥዬው ሄጄ ያገኙትም እሱን ነው። ዓመት ሙሉ በላክኸው መልእክት ስለ ውሻው ጠይቀኸኛል፣ ስለ ጣሪያህ ጠይቀኸኛል፣ ስለ ትንኙ እንኳ ጠይቀኸኛል። ስለ አካፋው አንድም ቀን አልጠየቅኸኝም። መጀመሪያ ረስቶት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሰው የተሰደደበትን ነገር አይረሳም። ታውቅ ነበር። ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ ታውቅ ነበር፣ ዝም አልከኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አፉን ለምን ከፈትከው ትል ይሆናል። ስኩራራበት የኖርኩት ያ የተረገመ ሰሌዳ ነዋ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠዋት ጠዋት የባሕሩን ሁኔታ ጽፌበታለሁ። ሞገድ ጋላቢዎቹ ስልካቸው ሁሉን ይነግራቸዋል፣ የወንዙን አፍ ግን ስልኩ አያውቀውም፤ እሱን እኔ ነኝ የማውቀው እያልኩ ስኮፈስ ታየኝ አልነበር? አምና የዚያን ትልቅ ሞገድ መምጣት ከስምንት ቀን በፊት አወቅሁና ቸኮልኩ። ሐሙስ የወንዙ አፍ በአሥር ዓመት ያልታየ ሞገድ ይሰጣል ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ፎቶ አነሡት፣ ለወዳጆቻቸው ላኩት፣ ከዋና ከተማው ሳይቀር ሰው በመኪና መጣ። እሑድ ግን ጉባኤው የመክፈቻውን ቀን ወደሚቀጥለው ሳምንት ገፋው። አንተ ተነሥተህ፣ «ሐሙስ ሳያልፍ እንክፈተው፣ ለሁላችንም እንጀራ ነው» ብለህ ጮህክ። ኦቲሎ፣ «አንተ ለሞገድ መጋለቢያ ሣንቃህ ነው የምታስበው፣ እኛ ለመረባችን» አለህ፣ ሰው ሁሉ ሣቀብህ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ሐሳቡ የኔ ነበር፤ ከአንተ አፍ ስለወጣ ብቻ ያንተ ሆነ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ መንደሩ በሙሉ በገመድ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ሳለ ሄድኩ። ከአካፋ የማይሰፋ ቦይ ነው የቆፈርኩት፣ ርዝመቱ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ወንዙ በራሱ ጊዜ ሰበረው እንዲባል ነበር ምኞቴ። የጻፍኩት ትንበያ ሊከሽፍብኝ ስለሆነ በአካፋ እውነት አደረግኩት። ለዚህ ነው፤ ሌላ የተሻለ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ውኃው የወሰዳትን ሆቪታን ረቡዕ ከዓለቶቹ ሥር አገኟት፣ መረቡ ክንዷ ላይ እንደተጠመጠመ። ያን ጊዜ አንተን እጅህን ይዤ ከቤትህ ያወጣሁህ እኔ ነኝ። «እስኪበርድ ዞር በል፣ ኦቲሎ አሁን ሰው አይደለም» ብዬ በፒክአፑ እስከ ትልቁ መንገድ ያደረስኩህ እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገርክም። እኔ ግን ስለ ነፋስ ስቀባጥር ነበር። ስትሸሽ ሲያዩህ ጥርጣሬያቸው እርግጥ ሆነ። አንተን ያዳንኩህ መስሎኝ ነበር ብዬ ብጽፍ ያው መዋሸቴ ነው።

ሐሙስ ሞገዱ መጣ። ወንዙ አሸዋውን ወደ ባሕር ተፍቶ በግራ በኩል ከምሮታል፣ ልክ እንዳልኩት። እንዲህ ያለ ሞገድ በዕድሜዬ አላየሁም። እሷን ሊቀብሩ ሲሄዱ ሰልፉ በአሸዋው ዳር አለፈ፣ ከውኃው ላይ ደግሞ የእንግዶቹ የደስታ ጩኸት ይሰማል። አንዱ ጎረምሳ ከባሕር ወጥቶ ውኃው እየተንጠባጠበበት ጀርባዬን ቸብ አደረገኝና፣ «አንተ ሰውዬ ነቢይ ነህ» አለኝ። ኦቲሎ የእህቱን ሣጥን ተሸክሞ በዚያው ቅጽበት አየኝ። እስከ ዛሬ የሚመስለው በኀዘን ደርቄ የቆምኩ ነው።

አሁን የመጨረሻውን ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ደብዳቤው ምንም አይደለም። ኦቲሎ በየጉባኤው መጨረሻ ተነሥቶ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ አንተ እዚህ ስለሌለህ አታውቅም። «ጮኻ ነበር? የሰማ ሰው አለ?» ይላል። ማንም አይመልስለትም፣ ወንበሩን አንሥቶ ይወጣል። ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ሌሊት ሌሊት ጩኸቷ የሚሰማው ይመስለኛል።

አልጮኸችም። እኔ አይቻታለሁ። ቆፍሬ ጨርሼ ቀና ስል ከአሸዋው ማዶ፣ እስከ ወገቧ ሐይቁ ውስጥ ቆማ መረብ ትጥል ነበር። እሷም አየችኝ። አገጯን ወደ ላይኛው ወንዝ ቀስራ ምን ይመስላል ስትል ጠየቀችኝ፣ ሁልጊዜ እንደሚጠይቁኝ። መረብ ጣዮቹ እኔ ከዳር ቆሜ ባርኔጣዬን ካወዛወዝኩ ይወጣሉ፣ መዳፌን ዘርግቼ ካነሣሁ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ «አንተው ነህ ያለማመድካቸው» ትለኝ ነበር። ባርኔጣዬን ባወዛውዝ ኖሮ ወጥታ ወደ እኔ ትመጣ ነበር፣ ቦዩንም ታየው ነበር። እጄን ዘርግቼ አነሣሁላት። ውኃው ቦዩን እስኪያሰፋ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ያኔ እሷ ወጥታ ትሄዳለች ብዬ ነበር። ግማሽ ሰዓትም አልፈጀም። አመሰግናለሁ በሚል አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ መረቧን ጣለች።

ነገ ኦቲሎ ሲጠይቅ የምመልስለት ይህንን ነው። ቦዩን ብቻ ብናገር ሰው ይሳሳታል ብለው ይቅር ይሉኝ ይሆናል፣ ያንን ነው የፈራሁት። ሁሉንም እነግረዋለሁ፣ እዚያው በሰው ፊት፣ ዓይኑን እያየሁ።

ስለዚህ የሁለተኛው ጥያቄህ መልስ ና ነው። ጁን 12 ተሳፈር፣ ቅዳሜ ማለዳ ለበዓሉ ትደርሳለህ። ከአውቶቡስ ስትወርድ ወደ እኔ ቤት አትዞር፣ ቀጥ ብለህ ወደ ልጅህ ሂድ። ስለ እኔ ኤውላሊያን ብትጠይቃትና ዝም ብትልህ አትጨቅጭቃት። ኦቲሎ መንገድ ላይ ቢያገኝህ አትሽሽ፤ ከአንተ ጋር ያለው ነገር ያኔ አልቆ ይቆይሃል።

ለኔሬይዳ አባትሽ አላደረገውም በላት። ከአንተ አፍ ትስማው፣ ከኔ ሰምታ አሁን ምን ይጠቅማታል። እግዚአብሔር የልጅህን ክብር፣ የልጅ ልጆችህን ፊት ያሳይህ። ያን ትከሻህን ያድንልህ። ዝምታህን የሚከፍልልህ እኔ አይደለሁም፣ እሱ ራሱ ይክፈልህ።

እስከ ነገ ጠዋት ድረስ፣
አበልጅህ