ሦስቱ ቢላዎችና አዲሱ ፎርማን

ሰኞ፣ ማርች 3

ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ የእንጨት ሥራ ሰፈራችን ንዴባ ጭቃ በጭቃ ሆናለች። ሰጋቱራው ረጥቦ ይሸታል። ጠዋት የመላጊያ ማሽኑን ሦስት ቢላዎች አውጥቼ የተሳሉትን አሰርኩ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ባልደረባዬ ሳሎንጎ ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ላይ ጣውላ ሲገፋ ዋለ፣ አንዴም አላጉረመረመም። ከሳሎንጎ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከሰዓት በኋላ የወርክሾፑ ባለቤት ሃጂ ሉብዋማ አዲስ ፎርማን ይዘው መጡ። ሴሩንጆጊ ይባላል። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣ፣ በዚህ ጭቃ ጫማው የሚያብረቀርቅ።

"ቢላ የሚያስረው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ዞሮ ሃጂን አየ። እኔን አላየኝም። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቤት ውስጥ...

ረቡዕ፣ ማርች 5

ሴሩንጆጊ ከማሽኑ አነሳኝ።

"እናቴ፣ አንቺ ብርጭቆ ወረቀቱ ጋ ብትሆኚ ይሻልሻል። እሱ ቀለል ይላል።"

እናቴ ይለኛል። ብበልጠው በአምስት ዓመት ነው። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጣውላ ማሸት ቀላል ነው ያለው ማነው? ሃጂ እዚያው ቆመዋል፤ ስልካቸውን ይነካካሉ።

ቢላዎቹን በሩብ ሰዓት አስሮ ጨረሰ። በዓይኑ እያየ።

"በእንጨት አትለካውም?" አልኩት።

"ያ የድሮ ሰው ዘዴ ነው። የኔ ዓይን አይስትም።"

ጣውላ የሚያሹት ሴቶች ሳቁ። በማን እንደሳቁ አላወቅኩም።

ዓርብ፣ ማርች 7

የጣውላው ፊት ሞገድ ሞገድ ሆኗል። በእጄ ሳሸው ይታወቀኛል። ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ?

ማክሰኞ፣ ማርች 11



ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ናማጋንዳ ለትምህርት ቤታቸው እኛ ጋ ያሠሩትን ዴስክ በሙሉ በመኪና ጭነው መለሱ። ወረቀት ዘርግተው እስክሪብቶ ጎተቱበት። እስክሪብቶው እየዘለለ ሄደ።

"ልጆቹ በዚህ ላይ እንዴት ይጻፉ?"

ሴሩንጆጊ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ ወደ እኔ ጠቆመ። "ናቦሳ ያሰረችው ቢላ ነው እሜቴ። እኔ ከመምጣቴ በፊት የተላገ ነው።"

በፊቴ። ሐሙስ ዕለት ራሱ ቆሞ ያስላገውን ጣውላ። "ውሸት ነው" አልኩ፤ ድምፄ ግን ሲወጣ እንደ ሌባ ድምፅ ነበር።

ሴትዮዋ ሲሄዱ ሃጂ ወደ ጥግ ጠሩኝ።

"ይቅርታ በይና ነገሩ ይብረድ።"

"ለየትኛው ጥፋት ሃጂ?"

"ለሰላም ስትይ።"

ለማን ሰላም? እስከ ሐሙስ አስቢበት አሉኝ። ማታ የተቀቀለውን ሙዝ፣ ማቶኬውን፣ ከነለውዝ ወጡ አልነካሁትም። ሳህኑን ለልጆቹ ገፋሁላቸው።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳው በደንብ ልጻፈው።

ማንም ሳይገባ ገባሁ። ማሽኑ ከመብራት መነቀሉን አየሁ፣ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ አወለቅኩ። ቀጭን ቀጥ ያለ እንጨቴን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ጫፉን ቢላዎቹ ላይ አሳለፍኩ። ከዚያ ቢላዎቹ የታሰሩበትን ሲሊንደር በእጄ አዞርኩ። ቢላ ሲያልፍ እንጨቷን ትንሽ ይዟት መሄድ አለበት፤ ሦስቱም እኩል፣ ግራም ቀኝም እኩል። የመጀመሪያው ቢላ የስንዴ ፍሬ ያህል ወሰዳት። ሁለተኛው ጭራሽ አልነካትም። ሦስተኛው ሦስት እጥፍ ጎተታት።

ሞገዱ ይኸው።

ይሄስ ይሁን። የሦስተኛውን ቢላ ብሎኖች ነካሁ... ሁለቱ በጣት ዞሩ። በጣት! ይሄ ቢላ እየተሽከረከረ ቢወረወር ፊት ለፊቱ የቆመው የሳሎንጎ ሆድ ነው። የመንታ አባት። ስድስት ልጆች።

ቺንጋውን አጥፌ ተቀመጥኩበት።

ሴሩንጆጊ ሲመጣ ጮኸ። ለሃጂ ደወለ። "ሥራ እያስቆመች ነው፣ ተንኮል ይዛለች።" ሃጂ ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ መጡ።

"ናቦሳ፣ ቺንጋውን ስጪው።"

"እሰጣለሁ ሃጂ። ግን ቢላውን ያሰረ ሰው የመጀመሪያውን ጣውላ ራሱ ይግፋ።"

ሳሎንጎ የያዘውን ጣውላ መሬት ላይ አስቀመጠ። "ልክ ናት" አለ። ሳሎንጎ በሃጂ ፊት ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ሴሩንጆጊ ሳቅ አለና ጣውላውን አነሳ። ወደ ማሽኑ ተጠጋ።

"ቺንጋውን ልመልሰው?" አልኩት።

እንደማልመልሰው እኔ አውቃለሁ፤ እሱ አያውቅም። ብሎኖቹን ማየት ጀመረ። አንዱን በጣቱ ነካ። ዞረለት። አንገቱ ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። ከዚያ ጣውላውን አስቀመጠ።

"መፍቻ ስጡኝ።"

ሃጂ ምን አሉ? "በሉ፣ ወደ ሥራ።" በቃ ይኼው ነው። ለእኔ አንዲት ቃል የለም። ከውሸቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ዓርብ፣ ማርች 14

ሃጂ በሰው መልእክት ልከውልኛል። "ወደ ማሽኑ ትመለስ።" ራሳቸው መናገር አቃታቸው?

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ዴስኮቹን እንደገና ልገን መለስን። ሃጂ ለወይዘሮ ናማጋንዳ "የማሽን ችግር ነበር" ሲሏቸው ሰማሁ። ማሽን አፍ የለው፣ ምን ይላል? ሴትዮዋን ወደ መኪናቸው ተከትያቸው ሄጄ፣ "ማሽኑም አይደለም፣ እኔም አይደለሁም" አልኳቸው። ጥቂት አዩኝና "ገብቶኛል" አሉ። ይቅርታ ከሃጂ አልመጣም። መጠበቄን ትቻለሁ... ትቻለሁ እንዴ?

ሴሩንጆጊ ሰላም አይለኝም። ትናንት ግን ሰው ምሳ ሲወጣ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እንጨት አጋድሞ፣ ሲሊንደሩን በእጁ ሲያዞር አየሁት። አላየሁትም ብዬ አለፍኩ።

ዛሬ ጠዋት ቢላ ቀይሬ ስጨርስ ሳሎንጎ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

"ማን አሰረው?"

ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ ይህን ጠይቆ አያውቅም።

"እኔ ነኛ፣ እያየኸኝ።"

አልተነቃነቀም። "እንግዲያው የመጀመሪያው ጣውላ ያንቺ ነው።"

ደሜ ፈላ። እኔንም? አሥራ አንድ ዓመት... ደግሞ ሳስበው፣ አዎ፣ እኔንም። ጣውላውን ከእጁ ተቀብዬ ገፋሁ።