አርባ ቦርድ ከእትዬ አልማዝ መደርደሪያ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 1988

አንድ ለስምንት። ደግሜ ቆጠርኩት፤ ያው አንድ ለስምንት ነው።

በእጅ ከተበየዱት አርባ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች የወደቀው አንድ ብቻ። አዲሱ ማሽን ከበየዳቸው አርባ ደግሞ ስምንት ወደቁ። ሁለቱም ወገን ለፈተና ሙቀት ምድጃ ውስጥ እኩል ጊዜ ቆይተው ዛሬ ጠዋት ወጡ። ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁ። የስታትስቲክሱ ፕሮግራም ሁለት ዲስኬት ነው፤ አንዱን አውጪ፣ ሌላውን አግቢ እያለ እንደ ባልቴት ያጉረመርማል። በመጨረሻ መልሱን አወጣ፦ ሁለቱ ወገኖች በእውነት እኩል ቢሆኑ ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታየው ከመቶ ሦስት ጊዜ ያህል ነው። አጋጣሚ አይመስልም ማለት ነው። ከግርጌው ላይ፣ የወደቁት ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ተጠንቀቂ ይላል።

ፋብሪካው ውስጥ የመፈተኑ ሥራ የእኔ ነው። ቦርዶቹ የሚገቡት ሆስፒታል ውስጥ ለበሽተኛ መድኃኒት የሚያንጠባጥብ ፓምፕ ውስጥ ነው። የእጅ ብየዳው ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሴቶች አሉ፤ ሁሉም የእኛ ሰዎች ናቸው። ስድስተኛዋ እህቴ ገነት ናት። አለቃችን ዶን ማሽኑን የገዛው ባለፈው ወር ነው። ማሽኑ ከእነሱ ካላነሰ ጠረጴዛው ይዘጋል ብሏል።

እንግዲህ አነሰ።

ረቡዕ

ዶን ወረቀቱን አይቶ አፏጨ። «ማሽኑን የሸጠልኝ ሰውዬ ይህን ባየ!» አለ። የሆስፒታሉን ትእዛዝ በሙሉ ለጠረጴዛው ሊሰጥ ነው። ሪፖርቱን ፈርሜ ሰኞ አቀርባለሁ።

ማታ ለገነት ነገርኳት።

«ሶ፣ ሌይኦፍ የለም? አንባረርም?»

«ለጊዜው የለም።»

ዘለለች፤ መብራቱን በራሷ መታችው። ከካርቱም ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። ኮሪያታውን ሰፈር ያለው ቤታችን ለሁለት ሰው ዝላይ አይበቃም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የእጅ ሥራዎቹን ወደ ካርቶናቸው ስመልስ ያበራሉ። ከብየዳ በኋላ ቢጫ፣ ሙጫ የመሰለ ነገር ሁልጊዜ ይቀራል። በአርባዎቹ ላይ አንድም የለም። ሙቀቱ ይሆናል አልኩ። የማሽኑም እኮ እዚያው ምድጃ ውስጥ ነበሩ፤ እነሱ ላይ ግን ቢጫው አለ።

ሐሙስ

ምሳ ላይ እትዬ አልማዝን ጠየቅኋቸው። የጠረጴዛው ታላቅ እሳቸው ናቸው። ዶን እንኳ «እትዬ» ነው የሚላቸው፤ ስማቸው ይመስለዋል።

«እትዬ፣ እነዚያን አርባዎቹን እንዴት ነው ያወጧቸው?»

«እንዴት ማለት ምንድን ነው? መርጬ ነዋ!»

«መርጠው?»

«ታዲያ ያገኘሁትን ዘግኜ ልስጥሽ? ስንት ቀን ነው የለቀምኩት። የገነትን አንድም አልነካሁ፤ እጇ ገና ነው። ከዚያ በአልኮል አንድ በአንድ ጠረግኋቸው። ለፈተና የሚሄድ ልጅ ፊቱን ሳይታጠብ ይሄዳል እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ገነት ሳትቀር ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሳንድዊቹን ግን ሳልጨርስ መልሼ ጠቀለልኩት።

ዓርብ

የማሽኑን አርባ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ካርቶኑ ውስጥ እጄን ከትቼ፣ ሳላይ፣ የመጣልኝን። የጠረጴዛው ተራ ሲደርስ ግን «እትዬ፣ አርባ ይስጡኝ» ብዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። የታላቅ ሰው መደርደሪያ ገብቶ መበርበር አልሆነልኝም። እሳቸውም ለሰው የሚሰጥ ነገር ተመርጦ ነው ብለው ነው ያደጉት። ሁለታችንም እንደ ወጉ አደረግን። ወጉ ሂሳቡን ገደለው።

ፕሮግራሙ ቁጥሩ ትንሽ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። ማን መረጠው ብሎ አይጠይቅም።

ብናገር፦ ፈተናው ይደገማል። ጠረጴዛው ሊዘጋ ይችላል። ዶን ሐበሾቹ አታለሉኝ ይላል።

ዝም ብል፦ ማንም አያውቅም። ያልተመረጡት፣ ያልተጠረጉት ቦርዶች ግን ጥሩ ናቸው ተብለው ሆስፒታል ይገባሉ። ፊርማው የእኔ፣ የሙሉ ነው።

ሪፖርቱን ጀመርኩና የመጀመሪያው መስመር ላይ ተውኩት።

ቅዳሜ

ልብስ ማጠቢያው ቤት ውስጥ ለገነት ነገርኳት። ባልነግራት ይሻል ነበር።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም።»

«ማሽኑ ስምንት ጥሏል አይደል? እሱ እውነት ነው አይደል?»

«እሱ እውነት ነው። የእናንተ አንድ ነው እውነት ያልሆነው።»

«እትዬ አልማዝን ውሸታም ልትያቸው ነው?»

«እኔ እንደዚያ አልልም።»

«ዶን የሚሰማው ግን እንደዚያ ነው።»

እዚህ ላይ ልክ ነች። አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘን አጠፍን።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ፌርፋክስ ምግብ ቤት ተሰበሰብን፤ የሴቶቹ የእቁብ ቀን ነው። ዳኛዋ እትዬ አልማዝ ናቸው። ስሞቹ በወረቀት ተጠቅልለው የኩኪስ ጣሳ ውስጥ ይገባሉ። እትዬ ጣሳውን አራገፉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«እትዬ፣ የእኔን በጣትዎ ፈልገው ያውጡልኝ» አለች አንዷ።

«ምርጫ ካማረሽ ገበያ ሂጂ። እዚህ እጣ ነው።»

ሳቁ። እኔ ጣሳውን እያየሁ ቀረሁ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር በማታ ክፍል ስታትስቲክስ ተምሬ አስተማሪው ሲያስረዳኝ የነበረው ነገር ይኸው ነው።

ፓርኪንጉ ድረስ ተከተልኳቸው።

«እትዬ፣ ቦርዶቹም መውጣት የነበረባቸው በእጣ ነው። እንደ እቁቡ።»

ቁልፋቸውን እንደያዙ ቆሙ። ወዲያው እንደገባቸው ከፊታቸው አየሁ።

«እና አጭበረበርኩ ማለት ነው?»

«የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንዴት እንደሚወጣ አልነገርኩዎትም። አጠገብዎም መቆም ነበረብኝ።»

«የስድስት ሰው እንጀራ ነው፣ ሙሉ።»

«ፓምፑ ሥር የሚተኛ ሰውም አለ፣ እትዬ።»

ሳይሰናበቱኝ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ገነት አውቶቡስ ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሰኞ

ዶን በሩን ሳይዘጋ ነው የጮኸው። ናሙናው በትክክል አልወጣም፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ አልኩ። የእትዬን ስም አላነሳሁም።

«ታዲያ ያ ሁሉ ወረቀት?»

«ይቀደድ።»

ራሱ ቀደደው። ሁለቱም ወገን እንደገና ይፈተን፣ እስከ ሐሙስ መልስ እፈልጋለሁ አለ። ካልሆነ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

እያንዳንዱ ቦርድ ጀርባው ላይ ቁጥር አለው። ሰሞኑን የተሠሩትን ቦርዶች ቁጥር በሙሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ቆራረጥኩ። ጣሳ ስፈልግ እትዬ አልማዝ የእቁቡን የኩኪስ ጣሳ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ሄዱ።

የማሽኑን ቀድመን አወጣን። ከዚያ የጠረጴዛውን፤ እኔ ወረቀቱን አነባለሁ፣ እሳቸው ቦርዱን ያነሳሉ። ወደ መሃል ላይ የአንዱን ቁጥር ጠራሁ። የገነት ሥራ ነው። ብየዳው እዚህም እዚያም እንደ ኪንታሮት አብጧል። የእትዬ እጅ ቦርዱ ላይ ቆመ። አጠገቡ ያለው የራሳቸው ነው፤ መስታወት የመሰለ። ሴቶቹ ሁሉ መበየጃቸውን አስቀምጠው ያያሉ።

«መልክ ጥፉን በስም ይደግፉ» አሉና የገነትን አንስተው ትሪው ላይ አኖሩት። አልጠረጉትም።

ገነት አንገቷን ደፋች።

ማክሰኞ

ምድጃው ይሠራል። ሌላ የሚሠራ ነገር የለም። ሦስት ጊዜ ሄጄ የሙቀቱን መለኪያ አየሁ፤ ካለበት አልተነቃነቀም። ገነት ቁርስ ላይ «ስኳሩን አቀብዪኝ» አለችኝ። ከቅዳሜ ወዲህ የተናገረችኝ እሱን ብቻ ነው።

ረቡዕ

ተከፈተ። የማሽኑ አምስት ወደቁ። የጠረጴዛው ሰባት።

ሰባት።

የገነት መልክ ጥፉ አልፏል። ከወደቁት ሁለቱ የእትዬ አልማዝ ናቸው፤ እነዚያ መስታወት የመሰሉት። ገነት ቦርዷን ሳመችው። እትዬ «በሰው ፊት አትሳሚው፣ ይኮራብሻል» አሉ። ሳቅ አልነበረም።

ለዶን ነገ እነግረዋለሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ዲስኬቶቹን እያቀያየርኩ አስገባሁት። ፕሮግራሙ ያለው ይህ ነው፦ ሁለቱ ወገኖች ፍጹም እኩል ቢሆኑ እንኳ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት ከአራት ጊዜ ሦስቴ ይታያል። ሳንቲም እንደመጣል ነው። የትኛው እንደሚሻል አይታወቅም።

ዶን ያየው ሰባትና አምስትን ብቻ ነው።

«ሰባት ከአምስት ይበልጣል። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልገኝም።»

የተዘጋጀሁበት ማብራሪያ ሁሉ ጠፋኝ። ከዚያ ባለፈው ሳምንት ስምንት የሚለው ትዝ አለኝ።

«ማሽኑን በዚህ ሳምንት የነካው ሰው አለ?» አልኩት።

«የለም። ለምን?»

«ባለፈው ሳምንት ስምንት ጣለ። አሁን አምስት። ያው ማሽን፣ ያው ምድጃ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳይመረጥ ነው የወጣው። ምንም ሳይለወጥ ሦስት ቦርድ ወዲህና ወዲያ ካለ፣ በሁለት ቦርድ ስድስት ሰው ታባርራለህ?»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። በመጨረሻ «አንድ ወር» አለ። በየሳምንቱ ከሁለቱም አርባ፣ በእጣ። ወሩ ሲያልቅ ሁሉም ተደምሮ ይታያል። እስከዚያ ጠረጴዛው አይዘጋም፤ ወደ ሆስፒታሉ የሚሄድ ቦርድም ምድጃ ሳይገባ አይወጣም። «ከወር በኋላ ግን አይታወቅም አትበዪኝ» አለ። እሺ አልኩ። እንደማልለው በምን አውቃለሁ?

ገነት በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

«ሶ፣ አለፍን ወደቅን?»

«አልታወቀም። አንድ ወር ሰጠን።»

«ኦኬ» አለች። ትንሽ አስባ፣ «የመጀመሪያው ውጤት ይሻለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ቦርሳዬን ተቀብላኝ እስከ አውቶቡሱ ያዘችልኝ።

ከመውጣቴ በፊት ጣሳውን ልመልስ ወደ እትዬ አልማዝ ሄጄ ነበር። መበየጃቸውን እየወለወሉ ነው። ቀና አላሉም።

«እጅሽ አይባረክም። ሰባት ጣልሽብን።»

«ያነበብኩት ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«ጣሳው እዚሁ ይቀመጥ። የነገውንም ከዚሁ ታወጪያለሽ።»

«እርስዎ ራስዎ ቢያወጡትስ? እኔ አምንዎታለሁ።»

መበየጃውን ማስቀመጫው ላይ ሰኩት። የሰኞውን ቦርድ ሲያዩት በነበረው ዐይን አዩኝ።

«አትመኚኝ» አሉ። «መጥተሽ አጠገቤ ቁሚ።»