«ደም ይሞላል» ያልኸው ጥቁር ቢራ

ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ጉበትህ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህና በላይ ነኝ፤ ሰሞኑን ልብስ ስተኩስ ሁሉ ዘፈን ዘፈን ይለኛል። ስልክ ያልደወልሁልህ ሰው ስለማታስጨርስ ነው። በደብዳቤ ግን ወደድህም ጠላህም እስክጨርስ ዝም ትላለህ።

መቼም ስለ ልጅህ አልጠየቅህም፤ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት፤ ቁመቷ ግን ዛሬም የትንሽ ልጅ ነው። ላውንደሪዬ ውስጥ «ሸሚዙን አውርጂ፣ ቁልፉን ፍቺ፣ ውሃ እርጪበት» ብዬ አከታትዬ ካዘዝኋት ሸሚዙን ታቅፋ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ስለዚህ አንድ ነገር እነግራታለሁ፤ ስትጨርስ ደግሞ ሌላ። ባለፈው ኮሌታ ብቻዋን ተኩሳ፣ ደንበኛዬ ባለ ፋርማሲው «ይኼን የመሰለ ኮሌታ ማን ተኮሰው?» ቢል «እኔ! እኔ ነኝ!» ብላ ሱቁን አናጋችው። አንተ «ድንጋይ ራስ» ያልሃት ልጅ ማለቴ ነው።

ሐኪሟ ዘንድ የሄድን ቀን ትዝ ይልሃል? ትዝ አይልህም፤ የማይመችህን መርሳት ልማድህ ነው። ሐኪሟ የልጅቷን ትንንሽ ዓይኖች፣ ከአፍንጫዋ በታች ያለውን ልሙጥ ቦታ አየችና እናትየዋን «እርጉዝ ሳለሽ መጠጥ ትጠጪ ነበር ወይ?» አለቻት። ምስኪን አንገቷን ደፋች። ደረትህን ነፍተህ የመለስህላት አንተ ነህ፦ «ጥቁር ቢራ ብቻ ናት፣ ዶክተር። ማታ ማታ የምቀዳላት እኔው ነኝ። ደም ይሞላል፣ ወተት ያመጣል።» የቢራ መጋዘን ኃላፊ ስለሆንህ የማህፀንም ኃላፊ የሆንህ መሰለህ! ሐኪሟ ግን እናት የጠጣችው በእትብት አድርጎ ጽንሱ ዘንድ እንደሚደርስ፣ አንጎሉን እንደሚጎዳ፣ «ትንሽ ናት፣ ምንም አትልም» የሚባል መጠን እንደሌለ ነገረችን። የተጎዳው አይመለስም፣ በትዕግሥት ከያዛችኋት ግን ብዙ ነገር ትማራለች አለች። አንተስ? ገና ከበሩ ሳንወጣ «የመጽሐፍ ወሬ! እኛን እናታችን እየጠጣች አይደል የወለደችን? ምን ሆንን?» አልኸኝ።

ምን እንደሆንህማ እያየሁት ነው።

ከዚያ «የእሷ ዘር ነው» ብለህ ሚስትህን አባረርህ፤ ልጅህን እኔ ላይ ጣልህ። ያቺ ሴት «ባሌ ያውቅልኛል» ብላ ጠጣች እንጂ ምን አጠፋች? የቀዳው እጅ ያንተ ነው።

አሁን ደግሞ በመጋዘናችሁ ሾፌር የላክኸው መልእክት ደረሰኝ። አዲሷ ሚስትህ አርግዛልሃለች፤ እሰይ። ያንኑ ጥቁር ቢራህን ብትቀዳላት «ልጄን አታበላሽብኝ» ብላ ሲንኩ ውስጥ ደፋችብህ፤ ስትጮህባት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ሾፌሩ ይኼን ሲያጫውተኝ ሳቄ አላቆም ብሎኝ ካውያውን የሰው ሱሪ ላይ ረስቼ ጉድ ልሆን ነበር! ሰው እንዴት ቢራ ተደፋብኝ ብሎ ያለቅሳል? ለልጅህ እንደዚያ አልቅሰህ ታውቃለህ?

«ማን አስተምሮብኝ ነው?» እያልህ ትንገበገባለህ አሉ። ታዲያ በሠርጋችሁ ቀን ልጅህን ከሙሽራዋ ጎን ያስቀመጥኋት ለጌጥ መሰለህ? ሙሽራዋ ስታያት ቆይታ «ምን ሆና ነው?» አለችኝ። ወሬኛ ነሽ ትለኝ የለ? አወራኋት።

«እታለም፣ እኔን ብትንቅ አንቺን ታከብራለች፤ አንቺ ዘንድ ከመጣች ምከሪና ላኪልኝ» ብለሃል። መምከሩን መክሬያለሁ። እንዲያው ለነገሩ፣ ልጅህ ሰሞኑን አልጋዋን ለቅቃ ከእኔ ጋር ነው የምትተኛው፤ በእንቅልፍ ልቧ ብትራገጥም ችዬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ወተት የማፍላት ሥራም ይዛለች፤ አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው የምትቀዳው፣ ሁለት እጇን ከሥሩ አድርጋ ይዛ ስትሄድ እንዳይፈስባት ትንፋሿን ትውጣለች። ለማን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ፈጣሪ ልቦና ይስጥህ። እጅህን ከጠርሙስ፣ አፍህን ከክፉ ቃል ይሰብስብልህ። የሚወለደውንም አእምሮው ሙሉ፣ ዓይኑ ብሩህ አድርጎ በሰላም ያምጣልን።

የሁለቱም ልጆችህ አክስት፣
ታላቅ እህትህ